ሳይለካ የተገዛ ቅዝቃዜ

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ወር ላይ ነው። ሐጂ አብዱልሐሊም ከኮምቦልቻ ወደ መርሳ ሲመለሱ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ውርጌሳ ላይ ለፍተሻ ቆመ። ዘመኑ የጦርነት ነበርና ተሳፋሪው መታወቂያውን በእጁ እንደያዘ ወረደ፤ ከጣሪያው ላይ ደግሞ የሐጂ ካርቶኖች አንድ በአንድ ወረዱ። ፈታሹ ሚሊሻ ትልቁን ካርቶን ቀደደና የተጠቀለለ የመዳብ ቧንቧና እንደ ሄሊኮፕተር ክንፍ የሚሽከረከር ነገር ቢያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ሐጂ?»

«ኤሲ ነው፣ ልጄ። ቤት ያቀዘቅዛል።»

«ቤት ማቀዝቀዝ? ንፋስ ደግሞ በካርቶን ይሸጣል እንዴ?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ሐጂ አብዱልሐሊም በመርሳ ገበያ በማንጎና በእህል ንግድ የታወቁ፣ ስማቸው ሲጠራ ሰው ከመቀመጫው የሚነሳላቸው ሰው ናቸው፤ በሰው ፊት መሳቂያ መሆን ከበዳቸው። ይበልጥ የከበዳቸው ግን ስለገዙት ዕቃ ለሚሊሻው የሚያስረዱት ነገር ማጣታቸው ነበር።

በዚህ መሐል ጥቁር ሒጃብ የለበሰች፣ በትከሻዋ የመሣሪያ ቦርሳ ያንጠለጠለች ወጣት ወደ ፊት ቀረበች። «ወንድሜ፣ ይህ ከቤት ውጭ የሚሰቀለው ነው፤ ያኛው ከውስጥ የሚሆነው ነው። ቧንቧው ሁለቱን ያገናኛል። የክፍሉን ሙቀት ወስዶ ውጭ ከመጣል በቀር ሌላ ሥራ የለውም» አለችና የራሷን ቦርሳ ከፍታ መፍቻዎቿን፣ ሜትሯንና ወልድያ የምትሠራበትን ወርክሾፕ መታወቂያ አሳየች። ሚሊሻው ካርቶኑን ራሱ መልሶ አሰረው።

ነኢማ ትባላለች። ማቀዝቀዣ መጠገንና መግጠም ኮሌጅ የተማረች፣ በወልድያ የሥጋ ቤቱንም የካፌውንም ፍሪጅ የምትጠግን ልጅ ነች። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የማቀዝቀዝ አቅም ቁጥር ስታነብ ግን ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ።

«ሐጂ፣ አይቀየሙኝና፣ የሚገጥሙት ለሠርግ አዳራሽ ነው?»

«ኧረ ለመድኃኒት ቤት ነው። ሁለተኛው ለራሴ ሳሎን።»

«ክፍሉ በሜትር ስንት በስንት ይሆናል?»

«መች ለካሁት! ትልቁን ስጠኝ አልኩት፣ ትልቁን ሰጠኝ።»

ይህ የሐጂ ብቻ ጥፋት አይደለም። ለእግራችን ጫማ ስንገዛ ቁጥር እንጠይቃለን፤ ለቤታችን ዕቃ ስንገዛ ግን ትልቅነቱና ውድነቱ ይበቃናል። የጎረቤት ዓይን የሚሞላ ነገር የእኛንም ችግር የሚፈታ ይመስለናል።

መኪናው ጉዞ ሲቀጥል ሐጂ ነገሩን ከሥሩ ነገሯት። ወንድማቸው ሚስባህ የስኳር ሕመምተኛ ነበር። ከተማው በጦርነቱ በተያዘባቸው ወራት መድኃኒት ቤቶች ተዘርፈው፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ኢንሱሊን የሚባል ነገር ከመርሳ ጠፋ፤ ሚስባህም በእጃቸው ላይ አረፈ። ሰላም ሲመለስ ሲቲ የምትባል ፋርማሲስት የሐጂን የፊት ለፊት ክፍል ተከራይታ መድኃኒት ቤቷን ከፈተች። ባለፈው ሳምንት ግን ሊቆጣጠር የመጣ ሰው ሙቀት መለኪያውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ከሠላሳ አራት ዲግሪ በላይ ነው። በዚህ ሙቀት መድኃኒት አይቀመጥም። እስከ ሰኔ መጨረሻ ካላስተካከልሽ ይዘጋል» አላት። ሲቲም ወልድያ ላይ ሌላ ቤት ማፈላለግ ጀምራለች።

«እሷ ከሄደች መርሳ ባዶዋን ናት» አሉ ሐጂ። «ስለዚህ አንቺን አላህ ነው ያመጣልኝ። አሁኑኑ ውረጂና ግጠሚልኝ።»

ነኢማ መርሳ ወረደች፤ ለመግጠም ግን አልነበረም። ሜትሯን አውጥታ ክፍሉን በቁመትም በጎንም ለካች፤ ግድግዳውን በእጇ ዳሰሰች፤ ወንበር ላይ ወጥታ ሙቀት መለኪያዋን ከቆርቆሮው ሥር ሰቀለች፤ ቆጣሪው ያለበትን ሳጥን ከፈተች። ሐጂ ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ሆነው ይመለከቷታል። ትዕግሥታቸው እያለቀ ሄደ።

«ልጄ፣ ዕቃው አለ፣ ግድግዳው አለ፣ አንቺ አለሽ። ምን ይጠበቃል?»

«ዕቅድ ይጠበቃል፣ ሐጂ። አሥራ ሁለት ቀን ይስጡኝ።»

«ዕቅድ!» አሉና መቁጠሪያቸውን ጭብጥ አደረጉት። «ስሚኝ ልጄ። እኔ እዚህ ግቢ ላይ ፎቅ ልሠራ አሥር ዓመት አቅጃለሁ። ብረቱ ተገዝቶ ነበር፣ ሲሚንቶው ተከምሮ ነበር፣ መሐንዲሱ የሠራው ሥዕል በመስታወት ገብቶ ሳሎን ተሰቅሎ ነበር። ጦርነቱ መጣና በሦስት ቀን ምንም አልቀረም። ሥዕሉን ሻይ ሊያፈሉበት አቀጣጥለውት ግማሹን አመድ ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲያ ዕቅድ ሲሉኝ ጆሮዬን ያመኛል። በጦርነት አገር ሰው ዛሬ ያገኘውን ዛሬ ይሠራል። ነገ የአላህ ነው።»

ሐጂ የተናገሩት ነገር የሰነፍ ሰው ምክንያት እንዳልሆነ ነኢማ ገብቷታል። ከሐዘንተኛ ጋር እንደሚነጋገር ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።

«ነገ የአላህ መሆኑን እኔም አምናለሁ። የእኛም ወርክሾፕ ባዶውን ነው የቀረው፤ ብሎን እንኳ አልተረፈም። ግን ሐጂ፣ ነገ የማይታወቅ ከሆነ፣ ዛሬ የምንሠራው ነገር ነገ ቢከፋም ቢበጅም የሚጠቅመን መሆን የለበትም? ዕቅድ ማለት ነገን አውቃለሁ ማለት አይደለም። ባላውቀውም እንዳልወድቅ ማለት ነው። ነቢያችንስ ሰውየውን ግመልህን እሰርና በአላህ ተመካ አላሉትም?»

«እሱስ ብለዋል» አሉ ሐጂ። «ታዲያ ይሄ ግመል አይደለም። ማሽን ነው፤ ሰክተሽ ታበሪዋለሽ፣ አለቀ።»

«እስቲ ይምጡና የሚሰካበትን ይንኩት።»

ወደ ቆጣሪው ወሰደቻቸው። ጊዜው እኩለ ቀን ነው፤ ከጓሮ ያሉት አምስት የኪራይ ክፍሎች ሁሉም በኤሌክትሪክ ምድጃ ምሳቸውን ያበስላሉ። ከቆጣሪው የሚወጣው ሽቦ ቀጭን ነው፤ የተቀጠለበት ቦታ በፌስታል ተጠምጥሟል። ሐጂ የሽቦውን መሸፈኛ በጣታቸው ነካ አድርገው እጃቸውን ወዲያው ሰበሰቡ።

«ያ ረሕማን! ያቃጥላል!»

«ገና ምንም ሳንጨምርበት ነው ይህ። ሁለቱን ማሽን እዚህ ላይ ብንሰካቸው ፌስታሉ ቀልጦ ሽቦው ይቃጠላል። ከላይ ያለው ደግሞ የእንጨት ማገር ነው። ሲቲን ላድን ብለው አምስት ቤተሰብ ሊያቃጥሉ ነበር።»

ሐጂ የተቃጠለ ጣታቸውን እፍ አሉበት። እንደ እውነቱ ከሆነ በዚያች ቅጽበት ተረትተዋል፤ ግን ሰው በልቡ ከተረታ በኋላም አፉ ጥቂት መንገድ ብቻውን ይሄዳልና ክርክሩን ቀጠሉ።

«እሺ፣ ሽቦው ይለወጥ። የማሽኑ መተለቅ ግን ምን ይጎዳል? ቶሎ ያቀዘቅዛል እኮ!»

«ቶሎ አቀዝቅዞ ቶሎ ይቆማል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይነሳል። ቀኑን ሙሉ ሲነሳና ሲቆም መብራት ይበላል፣ ሞተሩም ዕድሜው ያጥራል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የክፍሉን እርጥበት ለማውጣት ጊዜ አያገኝም። መድኃኒትን ሙቀት ብቻ ሳይሆን እርጥበትም ያበላሸዋል። ሐጂ፣ አንቱ አንድ ኩንታል ማንጎ ወደ ወልድያ ለመላክ አይሱዙ ይከራያሉ?»

ሐጂ ሳያስቡት ሳቁ። «አልከራይም። ባጃጅ ይበቃዋል።»

«የሲቲም ክፍል ባጃጅ ነው የሚበቃው። አቅሙ ባለ አሥራ ሁለት ሺህ የሆነው ማሽን ከበቂ በላይ ነው። አንቱ የገዙት ባለ ሃያ አራት ሺህ ነው።»

«የውጭውን ማሽን ከግቢው በኩል፣ ከተከራዮቹ በር በላይ እንሰቅለዋለን ብዬ ነበር» አሉ ሐጂ። «ቧንቧው አጭር ይሆናል።»

«ቧንቧው አጭር መሆኑ እውነት ነው። ግን ያ ማሽን ቀኑን ሙሉ እሳት ሲተፋ ነው የሚውለው። ከሲቲ ቤት ያወጣነውን ሙቀት በሰዎቹ መስኮት ማስገባት ይሆናል። በሰሜን በኩል፣ ከእህል መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ይሁን፤ ጥላ ነው፣ ማንም አይተኛበትም፣ በብረት ፍርግርግ ሲታጠር ሌባም አይደርስበትም። የሚያንጠባጥበውም ውኃ በቱቦ ወርዶ በርሜል ይሙላ፤ ለእጅ መታጠቢያ ይሆናል።»

«ተከራዮቹስ ለእኛም ይገጠምልን ቢሉኝ?»

«ይሉዎታል። ለዚህ ነው አስቀድሞ መነጋገር የሚያስፈልገው። መጀመሪያ ኮርኒስ ያስገቡላቸው፤ ያለ ኮርኒስ ከቆርቆሮ ሥር ማሽን መግጠም በተቀደደ ጆንያ እህል እንደ መስፈር ነው። ቀጥሎ ከላይ በሁለት ወገን ንፋስ መተላለፊያ ይክፈቱላቸው። ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ማራገቢያ ይበቃቸዋል። የግድ ማሽን የሚፈልግ ካለ የራሱ መስመርና የራሱ ንዑስ ቆጣሪ ይኑረው፤ የመብራቱን ማን እንደሚከፍል፣ ማጣሪያውን በየወሩ ማን እንደሚያጥብ፣ ሲለቅ ዕቃው የማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። ባልተጻፈ ነገር ስንት ጎረቤት ሸንጎ ቆሟል!»

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእኔ ሳሎንስ?»

ነኢማ ሙቀት መለኪያዋን ከሲቲ ክፍል አምጥታ ሠላሳ አምስት ማለቱን አሳየቻቸው። ከዚያ ማንጎው ባጠላበት በሐጂ ሳሎን ውስጥ አስቀምጣው ጠበቁ። ሃያ ስድስት ላይ ቆመ።

«ለሳሎንዎ ማሽን አያስፈልግዎትም፣ ሐጂ። ይህ ዛፍ ያለ መብራት ይሠራል። በምዕራብ ያለውን መስኮት ብቻ መጋረጃ ያድርጉለት።»

ሐጂ ትክ ብለው አዩዋት። በንግድ ባሳለፉት ዘመን ሁሉ፣ የራሱን ገበያ ከልክሎ የሚመክር ሰው አላጋጠማቸውም።

«ሥራውን የምታገኚው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ለምን ትከለክይኛለሽ?»

«ዛሬ ገጥሜልዎ ብሄድ ለዓመቱ በየሻይ ቤቱ ስሜን እንዴት አድርገው እንደሚያነሱት አውቃለሁ» አለች ነኢማ ፈገግ ብላ።

ያም ሆኖ አንድ ነገር በልባቸው ቀርቶ ነበር፦ ጊዜ። አሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ሲቲ ዕቃዋን ጠቅልላ ወልድያ ብትሄድስ? ይህን ጮክ ብለው ሲሉት፣ እስካሁን ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማ ስታዳምጥ የነበረችው ሲቲ መለሰችላቸው።

«ሐጂ፣ እኔ ተቆጣጣሪው በሚመጣበት ቀን የሚቀዘቅዝ ክፍል አይደለም የምፈልገው። መብራት ሲጠፋም መድኃኒቴን የማያበላሽ ክፍል ነው። ባለፈው ጊዜ መብራት የጠፋብን ለአንድ ቀን አልነበረም። እሷ እንዳለችው ከተሠራ ዓመትም ቢሆን እጠብቃለሁ።»

የሚስባህን ስም ማንም አላነሳም። ማንሳትም አላስፈለገም። ሐጂ የውዱእ ኩስኩስታቸውን አንስተው ታጠቡ፤ ዙሁር ሊሰግዱም ወደ መስጊድ ሄዱ። ሲመለሱ ጋቢያቸውን ማንጎው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉና የሜትሩን ጫፍ ከነኢማ እጅ ተቀበሉ።

«በይ ለኪ፣ እኔ እይዛለሁ። ቁጥሩንም ንገሪኝ፤ ሽማግሌም ይማር።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ሁለቱን ባለ ሃያ አራት ሺህ ማሽን የኮምቦልቻው ነጋዴ ሳያንገራግር ተቀብሎ በአንድ ባለ አሥራ ሁለት ሺህና የመብራቱን ኃይል በሚያስተካክል መቆጣጠሪያ ለወጠላቸው፤ ልዩነቱንም በብር መለሰ። ለሲቲ ክፍልም ለተከራዮቹም ኮርኒስ ገባ፤ ከኮርኒሱና ከቆርቆሮው መካከል ሙቀት የሚከለክል ፎም ተነጠፈ። ምዕራቡን ግድግዳ ኖራ ቀቡት፤ መስኮቱ ላይ ዳስ የመሰለ ጥላ ወጣ። ከቆጣሪው እስከ መድኃኒት ቤቱ ወፍራም ሽቦ በቱቦ ተዘረጋ፤ የራሱ ብሬከርም ተተከለለት። ማሽኑ ከሁሉ በኋላ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ተሰቀለ። ሰኔ ላይ ተቆጣጣሪው ሲመጣ ሃያ ሦስት ዲግሪ አነበበ፤ ወንበር ስቦም «እስቲ ጥቂት ልቀመጥ» አለ።

ሐጂ በዚህ ብቻ ደስ ብሏቸው ቢቀር ኖሮ ታሪኩም ይህን ያህል ባልተወራ። ነሐሴ ሊገባደድ ሲል ግን በቆቦ በኩል ጦርነቱ እንደገና ተቀሰቀሰ። ከቆቦና ከወልድያ የሸሸው ሕዝብ በመርሳ አስፋልት ላይ እንደ ጎርፍ ወረደ፤ ከመርሳም ብዙው ሰው ወደ ደሴ ሄደ። መብራት ጠፋ። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ሳምንት ሆነው። ማሽኑ ግድግዳው ላይ ዝም ብሎ ቀረ።

ሲቲ አልሄደችም። ፍሪጁ ሲሞት ኢንሱሊኑን አውጥታ፣ በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ እንስራ ውስጥ አድርጋ፣ ከክፍሉ ቀዝቃዛ ማዕዘን አስቀመጠችው። ሐጂ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየገቡ ሙቀት መለኪያውን ያያሉ። ውጭ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ፣ ውስጡ ከሃያ ስድስት አላለፈም። ኮርኒሱ፣ ኖራውና ጥላው መብራት አይጠይቁም።

በስምንተኛው ቀን ወልደገሪማ የሚባሉ ሽማግሌ በሴት ልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ከበሩ ደረሱ። በቆቦ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ትውልዳቸው ከትግራይ የሆነ ሰው ናቸው። ከንፈራቸው ደርቋል፤ እግራቸው አብጧል።

«ስኳር አለባቸው» አለች ልጃቸው። «መድኃኒቱ ካለቀ ሦስት ቀን ሆነ። ወልድያ የጠየቅናቸው ሁሉ ዘግተዋል፤ አንዱ ያገኘነውም በሙቀት ተበላሽቷል አለን።»

ሲቲ ደማቸውን ለክታ፣ እንስራውን ከፍታ አንዷን ብልቃጥ አወጣች፤ ወደ ብርሃን አድርጋ አየቻት። ጥርት ያለች ነበረች። መርፌውን ስትወጋቸው ሐጂ አብዱልሐሊም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ቆሙ። ሲቲ አይታ እንዳላየች ሆነች።

ወደ ማታ ሽማግሌው ዓይናቸውን ገልጠው ውኃ ጠየቁ። ሐጂ ራሳቸው በጣሳ አጠጧቸውና «አብሽሩ፣ ወንድሜ፣ አብሽሩ» አሏቸው። ተከራዩ ጦርነቱን ሸሽቶ ወደ ደሴ በሄደበት ክፍል ውስጥ ፍራሽ አነጠፉላቸው፤ እሱም ኮርኒስ የገባለት ነበርና አባትና ልጅ መንገዱ እስኪከፈት በደህና ሰነበቱበት።

ኅዳር ላይ፣ የሰላም ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ፣ ሐጂ በግቢያቸው ጀርባ አራት አዲስ የኪራይ ክፍሎችና አንድ ሱቅ ለመሥራት ተነሡ። መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ነኢማን ከወልድያ አስጠሩ፤ ግንበኛው ፈንታውና ሁለት ሦስት ጎረቤቶችም ተሰበሰቡ። ያን ቀን ብዙ የተናገሩት ነኢማ ሳትሆን ሐጂ ነበሩ።

«ቤት ከተሠራ በኋላ ማሽን የት እንስቀል ማለት፣ ልጅ ከተዳረ በኋላ ዘሩን እንደመጠየቅ ነው» አሉ። «መጀመሪያ ፀሐይዋን ጠይቁ፤ ቀጥሎ ንፋሱን። በኮርኒሱ አትሰስቱ። ሽቦውን ዛሬ ወፍራሙን ቅበሩት፤ ማሽኑ ዘንድሮ ባይመጣ ለከርሞ ይመጣል፣ ግድግዳ አታፈርሱለትም። የውጭው ማሽን የሚቆምበትን ቦታ ከጎረቤት መስኮት አርቁ። የትኛው ክፍል ማሽን እንደሚያሻው፣ የትኛው ማራገቢያ እንደሚበቃው ለዩ፤ ለሁሉም መግጠም ብልጥግና አይደለም። እኔ በችኮላ የገዛሁት ማሽን ተሰቅሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የቆማችሁበት ግቢ አመድ ነበር። በዕቅድ በመሠራቱ ተከራይ በሙቀት አልሸሸኝም፣ መድኃኒት ቤቱ አልተዘጋም፣ አንድ የሰው አባትም በሕይወት ወደ ቆቦ ተመልሷል። ከዚህ የበለጠ ትርፍ የሚያውቅ ነጋዴ ካለ ይንገረኝ።»

ፈንታው ካስማውን ለመትከል መዶሻውን እንዳነሣ ቆም አለ።

«ሐጂ፣ እንዲህ ለከርሞ የሚያስቡት ጦርነቱ ከእንግዲህ አይመለስም ብለው ነው?»

«እሱን አላህ ያውቃል» አሉ ሐጂ አብዱልሐሊም። «እኔ የማውቀው ፀሐይ በየት በኩል እንደምትጠልቅ ነው። በዚያ በኩል መስኮት አታውጣ።»

ፈንታውም ካስማውን ተከለ።